ሙሉ ማንቆርቆሪያ

ዕድሜዬን ሙሉ ውሃ ሳፈላ ኖሬያለሁ። እንዲህ ስል የሚስቁብኝ ሰዎች አሉ፤ ይሳቁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ የቦይለር ሠራተኛ ነበርኩ። ሱፉ የሚታጠበውም ቀለም የሚነከረውም በፍል ውሃና በእንፋሎት ነው፤ ያንን እንፋሎት የምሰጠው እኔ ነበርኩ። ሥራዬ የእንፋሎቱን ግፊት የሚለካውን የጌጁን ቀስት እያዩ መቀመጥ ነው። ቀስቱ ከፍ ሲል ነዳጁን መቀነስ፣ ዝቅ ሲል መጨመር፣ ሙቀት የሚያመልጥበት ቱቦ ካለ ፈልጎ መጠቅለል። ከዚያ ሁሉ ዓመት የተረፈኝ ሁለት ነገር ነው፤ ከባድ ጆሮና በከንቱ የሚባክን ሙቀት ባየ ቁጥር የሚያር ቆሽት። ክዳን የሌለው ድስት እሳት ላይ ካየሁ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ጓሮ የተጣደ ጎላ ልከድን ስነሳ ባለቤቴ ኮቴን ይዛ ጎትታ አስቀምጣኛለች።

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ኮቴን የሚጎትተው የለም። ልጆቻችን አዲስ አበባ ናቸው፤ እሑድ እሑድ ይደውላሉ። "አባዬ፣ ብርዱ እንዴት ነው?" ይሉኛል። "ለምጄዋለሁ" እላለሁ። ከዚያ የልጅ ልጆቼን ድምፅ ያሰሙኝና ስልኩ ይዘጋል። የተቀረው ሳምንት የኔ ነው። የደብረ ብርሃንን ብርድ ለማያውቀው ሰው መንገር ያስቸግራል፤ በኅዳር ማለዳ ግቢ ያደረ ባልዲ ላይ ስስ በረዶ ይጋገራል። በዚያ ብርድ ለብቻው ያደረን ሰው ከአልጋው የሚያስነሳው ትኩስ ነገር ነው፤ ትኩሱም ነገር ራሱ ተነስቶ ካላፈላው አይገኝም።

የግቢያችን ቆጣሪ ያለው በረንዳዬ ግድግዳ ላይ ነው። በካርድ የሚሞላው ዓይነት ነው፤ ፊቱ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቀይ መብራት አለችው። ኤሌክትሪክ ብዙ ሲበላ መብራቷ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ጥቂት ሲበላ ታዘግማለች። ጡረታ ስወጣ ጌጄን ተቀማሁ ብዬ አዝኜ ነበር፤ እግዜር በዚህች መብራት ካሰኝ። ጠዋት ጠዋት ወንበሬን አውጥቼ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እቀመጣለሁ። መንገድ የሚያልፍ ሰው በአጥሩ ቀዳዳ ቢያየኝ የሚጸልይ ሰው ሊመስለው ይችላል።

እትዬ ወደ ግቢዬ የመጡት ወንድ ልጃቸው እዚህ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ አግኝቶ ጥጓን ክፍል በተከራየ ጊዜ ነው። አገራቸው አልዩ አምባ ነው፤ ከአንኮበር ቁልቁል ሲወርዱ የሚገኝ፣ ከእኛ ጋር ሲተያይ ሙቀት የሆነ አገር። ልጁ ዓይናቸውን እንዲታከሙ ብሎ ነበር ያመጣቸው። ብዙም ሳይቆይ እሱ የጭነት መኪና ላይ ረዳትነት አገኘና ጅቡቲ መመላለስ ጀመረ፤ እሳቸው ሕክምናቸውን ስላልጨረሱ ቀሩ። እኔ "እትዬ" እላቸዋለሁ፣ እሳቸው "ጋሼ" ይሉኛል። ማን ማንን እንደሚበልጥ አንዳችንም አላጣራንም።

ልጁ በሄደ ማግስት፣ ገና ፀሐይ ሳትወጣ፣ ቀይዋ መብራት አበደች። ለአንድ ሰው ሻይ የሚበቃውን ጊዜ ጠበቅሁ፤ አላቆመችም። ለሁለት ሰው የሚበቃውን ጠበቅሁ፤ ጭራሽ። ሠርግ አለ እንዴ ብዬ ጋቢዬን እየጎተትኩ ተነሳሁ።

በራቸው ክፍት ነበር። በሸክላ ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ከአገራቸው ይዘውት የመጡት ትልቅ የአሉሚኒየም ማንቆርቆሪያ ተጥዷል። እስከ አፉ ተሞልቷል። ክዳኑ የት እንደጠፋ እንጃ፤ እንፋሎቱ ጣራውን ሊነካ ይወጣል። ቂጡ ጠቁሯል፣ ሆዱ ውስጥ የዓመታት ነጭ ቅርፊት ተጋግሯል። እሳቸው ሶላታቸውን ጨርሰው ምንጣፋቸውን እያጠፉ ነበር። ዝንጅብሉ ከሩቅ ይሸታል።

"እንደምን አደሩ እትዬ፣ እንግዳ አለብዎ እንዴ?" አልኩ።

"አልሐምዱሊላህ፣ እንደምን አደሩ ጋሼ። እንግዳስ የለብኝም። ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ ሻይ ይቅመሱ።"

"ሥራ አለብኝ። ታዲያ ይህ ሁሉ ውሃ ለማን ነው?"

"ሰው ቢመጣስ?" አሉ። "በእኛ አገር ለራስ ብቻ ተለክቶ አይጣድም። ደጅ ላይ የቆመ ሰው ውሃው አለቀ ተብሎ አይመለስም።"

"በዚህ ብርድ፣ በዚህ ማለዳ፣ እርስዎ ዘንድ ማን ይመጣል?"

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ከአፌ ሲወጣ ራሴ ሰማሁት። እትዬ ማንቆርቆሪያውን አወረዱና ለራሳቸው አንድ ብርጭቆ ቀዱ። እኔም ሥራ አለብኝ እንዳልኩ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ ሥራዬ ወንበር ላይ ተቀምጦ መብራት ማየት ነበር።

ነገሩን በዚያ መተው ይቻል ነበር። እኔ ግን አልተውኩም። ገንዘቡን ፈርቼ አይደለም፤ ልጁ የድርሻውን ሳይጠየቅ ነበር የሚሰጠው። የማልችለው ያንን ጣራ የሚመታ እንፋሎት ማየቱን ነው። ስለዚህ በማግስቱ ከቆርቆሮ ክዳን ቆርጬ ሄድኩ። ክዳን ያለው ውሃና ክዳን የሌለው ውሃ እኩል እንደማይፈላ፣ የማይከደን ማንቆርቆሪያ ቤቱን እንጂ ሻዩን እንደማያሞቅ፣ በር ላይ ቆሜ አስረዳሁ። "እሺ ጋሼ፣ አላህ ይስጥልኝ። ይቀመጡ፣ ሻይ ይቅመሱ" አሉኝ። "ሥራ አለብኝ" አልኩና ሄድኩ።

በሦስተኛው ቀን ሎሚ ይዤ ሄድኩ። ያ ነጭ ቅርፊት ቦይለር ውስጥ ቢሆን ነዳጅ ይፈጃል፤ ሙቀቱ ውሃው ዘንድ ከመድረሱ በፊት ቅርፊቱን ማሞቅ አለበት። ሎሚውን ጨምቄ ከውሃ ጋር አፈላሁትና ቅርፊቱ እየተላጠ ሲወጣ እንደ ልጅ ደስ አለኝ። በሳምንቱ ጥቁር ጀሪካን አመጣሁ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ፣ ግድግዳ አስደግፌ አስቀመጥኩት፤ አመሻሽ ላይ ውሃው ለብ ብሎ ይገኛል። ለውዱእ፣ ከሶላት በፊት ለመታጠብም ይሆናል፣ ለሻይም ከለብታ የተነሳ ውሃ ከበረዶው ከተነሳው በግማሽ ጊዜ ይፈላል። ደግሞ የሸክላ ምድጃ ከጠፋም በኋላ ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ፣ ውሃው መዘመር ሲጀምር ምድጃውን ማጥፋት እንደሚቻል ነገርኳቸው። የቀረውን ሸክላው ራሱ ይጨርሰዋል። እትዬ ሁሉንም ይሰማሉ፣ ሁሉንም ያደርጋሉ። በየመሃሉ "ይቀመጡ ጋሼ" ይላሉ።

በእኛ ወግ ሰው ሻይ ጠጣ ሲባል ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎ በሦስተኛው ይቀመጣል። እትዬ ሁለት ጊዜ ይሉኛል፤ ሦስተኛውን ሳይሉ እኔ ግቢው መሃል ደርሻለሁ። ለምን እንደሆነ ያኔ ራሴን ብጠይቅ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ብቻዋን ከምትኖር ሴት ቤት ተቀምጦ ሻይ ጠጣ መባልን ፈርቼ ነው እል ነበር። አሁን እውነቱን ልናገር። አንዴ ከተቀመጥኩ መነሳት ያቅተኛል ብዬ ነው የፈራሁት።

አንድ ነገር ብቻ ሳይስተካከል ቀረ። ክዳኑም፣ ሎሚውም፣ ጀሪካኑም እያለ ማንቆርቆሪያው አሁንም እስከ አፉ ይሞላ ነበር። ሦስት አራት ጊዜ ተናገርኩ፤ "እሺ" ይላሉ፣ ጠዋት መብራቷ እንደገና ትሮጣለች። በመጨረሻ ብርጭቋቸውን ተቀብዬ አንድ ልክ ውሃ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ጨመርኩ፤ ለሚተነው ጥቂት ጠብታ አከልኩ። ውሃው የደረሰበት ቦታ ላይ ከውስጥ በምስማር ምልክት ጫርኩ። "የእርስዎ ልክ ይህቺ ናት እትዬ፤ ከዚህች በላይ የሚሞላ ውሃ ሁሉ ለማንም አይሆንም" አልኩ። ምልክቷን በጣታቸው ዳሰሷት፤ ዓይናቸው ደህና አያይም ነበር። "እሺ ጋሼ" አሉ። የዚያን ዕለት ይቀመጡ አላሉኝም። እኔም ልብ አላልኩም።

ከዚያ በፊት ደግሞ የሁዳዴው ነገር ነበር። እኔ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አልቀምስም። ከሰባት ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ረጅም ነው፤ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ፀሐይዋን አባርራለሁ። በዚያ ሰሞን ማለዳ ማለዳ ትሮጥ የነበረችው መብራት ዘገም አለች፤ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን መሮጥ ትጀምራለች። በየቀኑ፣ ሳታዛንፍ። ምሳ እንዳይባል አልፏል፣ እራት እንዳይባል ገና ነው፤ ግራ ገባኝ። ትንሽ ቆይቶ እትዬ በራቸው ላይ ብቅ ብለው "ጋሼ፣ እህል ቀመሱ?" ይሉኛል። "ቀምሻለሁ!" እላለሁ ጮክ ብዬ፤ አልቀመስኩም። ቤት ያለው የትናንት ሽሮ ነው፤ ለብቻ ለማሞቅ መነሳቱ ስለሚያስጠላኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እዚያው እቀመጥ ነበር። ይህን ግን ለሰው አይነግሩትም።

ፋሲካ አልፎ ምልክቷ ከተጫረች በኋላ የመጨረሻው ትምህርት መጣ። ባለቤቴ ሁለት ብርጭቆ የምትይዝ ፔርሙዝ ነበረቻት፤ ሐኪም ቤት በተኛችበት ሰሞን የገዛናት። ከሳጥን አወጣኋት። ከፋብሪካ ይዤው የቀረሁትን የብርድ ልብስ ቁራጭ ለክቼ ልብስ ሰፋሁላት፤ ክዳኗም ላይ ቆብ። ሱፍ አየር ይይዛል፤ የተያዘ አየር ሙቀት አያሳልፍም፤ ሥራዬ ስለነበር አውቃለሁ። "አመሻሽ ላይ ከጀሪካኑ ለብ ካለው አንዴ ያፍሉ፣ እዚህ ውስጥ ይጨምሩ፣ ጠዋት ሲነሱ ትኩስ ሻይ አለ። ምድጃ የለ፣ ምን የለ" አልኳቸው። ፔርሙዟን እንደ ሕፃን ታቀፏት። "የባለቤትዎ ናት?" አሉ። "አዎ" አልኩ። "ነፍስ ይማር" አሉ።

በማግስቱ ማለዳ በረንዳዬ ላይ ወጣሁ። መብራቷ አንዴ ብልጭ አለች። ቆይታ ቆይታ ሌላ። ከእትዬ ክፍል ምንም የለም። ድል አደረግሁ፤ በዚያ ግቢ አንዲት ዋት በከንቱ አትጠፋም። ጋቢዬን አጥብቄ ተከናነብኩና ደስታው እስኪመጣ ጠበቅሁ።

አልመጣም። በሁለተኛው ቀንም አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ምን እንደሆንኩ ገባኝ። ለካ እነዚያን ወራት ሁሉ ማለዳ የምነሳው መብራቷ ስትሮጥ ለማየት ነበር። ስትሮጥ ከግድግዳው ማዶ አንድ ሰው ተነስቷል፣ እጁን እፍ ብሏል፣ ውሃ ጥዷል ማለት ነው። እየተቆጣሁም ቢሆን አብሬ ነበርኩ። አሁን መብራቷ ስታዘግም የምትነግረኝ ግቢው ውስጥ እኔ ብቻ እንዳለሁ ነው። ያስተማርኩትም ራሴ፣ ልብስ የሰፋሁትም ራሴ። ሄጄ "እትዬ፣ ፔርሙዟን ይተዉዋት፣ ጠዋት ይጣዱ" ማለት አማረኝ። ምን ብዬ? አንድ የቦይለር ሠራተኛ እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ይወጣል? ሰበብም አጣሁ፤ የማስተምረው ነገር አልቆብኝ ነበር።

ክረምቱ ገባ። በሐምሌ ጉም ግቢያችን ውስጥ ገብቶ ያድራል፤ ልብስ አይደርቅ፣ እንጨት አይነድ። አንድ ሰሞን መብራቷ ማለዳም አመሻሽም ዝም አለች። አመሻሽ ላይ እንኳ እንደወትሮው ትንሽ አልሮጠችም። እኔ ታዲያ ምን አልኩ? "ጎበዝ እትዬ! ጭራሽ በጀሪካኑ ውሃ ብቻ መኖር ጀመሩ!" በሁለተኛውም ቀን ይህንኑ አልኩ፤ እንዲያውም በስልክ ለልጄ ነገርኳት። ኮርቼ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዝናቡ ሲመታኝ ወንበሬን ወደ ውስጥ ስስብ ጀሪካኑን አየሁት። ግድግዳውን ተደግፎ፣ ጎኑ ላይ ውሃ እየወረደ ቆሟል። ፀሐይ ከወጣች ስንት ቀኗ ነው? አራት? አምስት? ታዲያ ውሃው በምን ሞቀ? ዕድሜዬን ሙሉ ጌጅ ያነበብኩ ሰው፣ ቀስቱ ዜሮ ላይ ሲሆን ቦይለሩ ቆጠበ ሳይሆን ጠፋ ማለት መሆኑን እንዴት አጣሁት?

በሩን አንኳኳሁ፤ መልስ የለም። ስገፋው ተከፈተ። እትዬ ሁለት ብርድ ልብስ ደርበው ተኝተዋል፤ ትንፋሻቸው ያፏጫል፣ ግንባራቸው ያቃጥላል። ራስጌያቸው ያለችውን ፔርሙዝ አነሳሁና ከፈትኳት፤ ሻዩ ቀዝቅዟል። እኔ የሰፋሁላት ልብስ ካላት ፔርሙዝ ሻይ እንዲያ እስኪቀዘቅዝ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሁለት ቀን ከዚያ በላይ ነው። "እትዬ፣ ምነው ሳይጠሩኝ?" አልኩ። ዓይናቸውን ገልጠው "ሥራ አለብዎት ብዬ ነው ጋሼ" አሉ። የፌዝ አልነበረም፤ ከልባቸው ነው ያሉት።

ባጃጅ ጠርቼ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። የሳንባ ምች ነው ተባለ። ሻይ ለማፍላት ምድጃዬን ያለ ርኅራኄ አነደድኩ፤ በፔርሙዝ እያመላለስኩ በማንኪያ አጠጣኋቸው፤ የዓለሙ ኤሌክትሪክ ይለቅ ብዬ። አላህ ማራቸው፣ እግዜርም ማራቸው፤ ተሻላቸው። ልጃቸው ከጅቡቲ ሲደርስ ሐኪሙ ይህ ብርድ ለእሳቸው አይሆንም አለና፣ ልጁ አልዩ አምባ ወዳለች ሴት ልጃቸው ሊወስዳቸው ተነሳ። ዕቃቸው አንድ ፍራሽና ሁለት ከረጢት ነበር። ፔርሙዟን እንዲይዟት ለመንኳቸው፤ ያዙ። መኪናው ከሄደ በኋላ ክፍሉን ልዘጋ ስገባ መደርደሪያው ላይ ማንቆርቆሪያውን አገኘሁት። ክዳኑ እላዩ ላይ ተከድኗል። ሆን ብለው የተዉት ይመስላል፤ ብክነት ነው ብዬ አልነበር?

ክፍሏን አላከራየሁም። ሰው ሲጠይቀኝ ጣራው ያፈሳል እላለሁ፤ አያፈስም። በዚያ ዓመት መንገድ ሲከፈት ሲዘጋ ስለነበር የምሄድበት ሰበብም አቅምም አልነበረኝም። ጥቅምት ሲብት መንገዱ ሰላም ነው ተባለ። ማንቆርቆሪያውን ወደ ባለቤቱ እመልሳለሁ አልኩ፤ ሰበብ ከተገኘ እኔ የማልሄድበት የለም። ቂጡን በአመድና በአሸዋ አሸሁት እስኪያበራ ድረስ። ሆዱን ሳጥብ ጣቴ በምስማር የጫርኳትን ምልክት አገኘ። ከታች፣ ከቂጡ ብዙም ሳትርቅ። ያን በሚያህል ማንቆርቆሪያ ውስጥ የአንድ ሰው ልክ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ያኔ ነው ያየሁት።

ከደብረ ብርሃን አንኮበር በሚኒባስ ሄድኩ፣ ማንቆርቆሪያውን ጭኔ ላይ አድርጌ። "ጋሼ፣ ሻይ ቤት ሊከፍቱ ነው?" አለኝ ረዳቱ፤ መኪናው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከሰው ጋር ከሳቅሁ ቆይቼ ነበር። አንኮበር ላይ ሌላ መኪና ይዤ ቁልቁለቱን ወረድኩ። በየመታጠፊያው አንድ ልብስ ይወልቃል፤ መጀመሪያ ጋቢዬን፣ ከዚያ ኮቴን፣ አልዩ አምባ ስደርስ ሹራቤንም አውልቄ በእጄ ይዤ ነበር።

የልጃቸው ቤት ሙሉ ነው። የልጅ ልጆች፣ ጎረቤት፣ ከገበያ የመጣ ዘመድ። እትዬ ጥላ ሥር መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ሞልቷል። ድምፄን ሲሰሙ "ጋሼ! ወላሂ ጋሼ ናቸው!" ብለው ተነሱ። "ይቀመጡ" ብለው ሳይጨርሱ ተቀመጥኩ። በመጀመሪያው። ልጃቸው ሻይ ቀዳችልኝ፤ ምላሴን አቃጠለኝ። በእኛ ከፍታ ውሃ ቶሎ ይንተከተካል እንጂ የቆላውን ያህል አይግልም፤ ይህን እያወቅሁ ተቃጠልኩ። ዝንጅብሉን ለዓመት ያህል ከሩቅ ሳሸተው ኖሬ መቅመሴ ገና ያን ቀን ነበር።

ማንቆርቆሪያውን ሰጠኋቸው። በጣታቸው ሆዱን ዳበሱ፣ ምልክቷን አገኟት፣ ፈገግ አሉ።

"እዚህስ ሞልተው ቢጥዱ ሰው አለ" አልኩ። "እዚያ ግን ያን ሁሉ ውሃ ለማን ነበር እትዬ? ሰው ቢመጣስ ይሉኝ ነበር፤ አንድ ቀን የመጣ ሰው አላየሁም።"

የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ። ከዚያ እንዳልቀለድኩ ገባቸው።

"ጋሼ፣ በዚያ ግቢ ከእርስዎ ሌላ ማን ነበር?"

ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ።

"ማለዳ ማለዳ ጋቢ ተከናንበው፣ ፊትዎን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ለብቻዎ ሲቀመጡ አያለሁ" አሉ። "ዓይኔ ቢደክምም እሱን አያጣውም። በዚያ ብርድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ እኔ ለራሴ ብቻ እጥዳለሁ? ሞልቼ እጥዳለሁ። ይመጣሉም። ቆመው ስለ ክዳን ነግረውኝ ይሄዳሉ።"

"በሁዳዴ፣ በዘጠኝ ሰዓት..." አልኩ።

"በጾምዎ ማለዳ እንደማይቀምሱ አውቃለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጣድኩ። እህል ቀመሱ ወይ ስልዎት ቀምሻለሁ አሉኝ።"

"አልቀመስኩም ነበር።"

"አውቃለሁ። ከቤትዎ የሳህን ድምፅ አልሰማሁም።" ምልክቷን እንደገና በጥፍራቸው ነኩ። "በኋላ ብርጭቆ ለክተው ይህቺን ሲጭሩልኝ፣ ሻዬን አይፈልጉትም ማለት ነው ብዬ ተውኩት። የሰውን ፈቃድ ማክበር ነው እንጂ ምን አደርጋለሁ?"

ያንን ምልክት የጫርኩ ቀን ከማንቆርቆሪያው ያወጣሁት ራሴን ነበር። አሥር እርምጃ ነበር ከበረንዳዬ እስከ በራቸው፤ በየቀኑ ሄጄበታለሁ።

መኪናው ሳያመልጠኝ ልነሳ ስል ልጃቸውን ጠርተው ፔርሙዟን አስመጡ፤ የሱፍ ልብሷ እንዳለ ነው። "እዚህ ሙቀት ነው፤ ለእርስዎ ትሻላለች" ብለው ሻይ አስሞሏትና ሰጡኝ። ሽቅብ ስወጣ በየመታጠፊያው አንድ አንድ ልብስ ለበስኩ። ደብረ ብርሃን ስደርስ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ምንም ሳላበራ፣ ፔርሙዟን ራስጌዬ አድርጌ ተኛሁ።

ማለዳ በረንዳዬ ላይ ከፈትኳት። ሻዩ ትኩስ ነበር። ቀይዋ መብራት ታዘግማለች፤ ዕድሜዬን ሙሉ የተመኘሁት ሻይ ይህ ነው፣ ከቆጣሪዬ ምንም ያልበላ። አንድ ብርጭቆ ጠጣሁ፣ ሁለተኛውንም ቀዳሁ፤ ከዚያ ፔርሙዟ አለቀች። ዓይኔ ወደ ጥጓ ክፍል ሄደ፤ በሯ ተቆልፏል። በዚያ ዕድሜዬ፣ በዚያ ብርድ፣ ጋቢዬን አፌ ላይ ይዤ አለቀስኩ።

ያን ቀን ምስማር ፈለግሁና የራሴን ማንቆርቆሪያ ከውስጥ ጫርኩት፤ በሁለት ሰው ልክ። ክዳን አለው፣ ቅርፊት የለውም፣ መዘመር ሲጀምር ምድጃውን አጠፋለሁ፤ ልማዴን አልተውኩም። በየማለዳው እስከ ምልክቷ ሞልቼ እጥዳለሁ፣ ወንበሬንም ወደ መንገዱ አዙሬ የአጥሩን በር ገርበብ አድርጌ እተወዋለሁ። ጎረቤት ሲያልፍ "ይግቡ፣ ሻይ ይቅመሱ" እላለሁ። ሁሉም በትሕትና ቆመው ሰላም ይሉኝና "ሥራ አለብኝ ጋሼ" ብለው ያልፋሉ። ሦስተኛውን እስክል የጠበቀኝ እስካሁን የለም፤ ውሃው ግን በየቀኑ ለሁለት ነው የሚጣደው።